የካርቶን ጌጆች

ሰዓት ሠሪው ሦስቱን ጌጆች፣ የነዳጅ፣ የሙቀትና የፍጥነት መለኪያዎቹን፣ ከመኪናዋ ዳሽቦርድ ነቅሎ ሲጨርስ በቦታቸው ሦስት ክብ ካርቶኖች ቆርጦ ከተተ። በየካርቶኑ ላይ ቁጥሮቹንና ቀስቱን በሰማያዊ እስክሪብቶ ሥሏል።

«ይኼ ደግሞ ምንድን ነው?» አለ ጋሽ ሜትር፣ በመኪናው መስኮት አንገቱን አስግጎ።

«ልማዴ ነው ጋሼ። ሆዱን ያወጣሁትን ነገር ባዶውን ለባለቤቱ አልመልስም። ቀዳዳው አቧራ ይገባበታል። ደግሞ ቀስቱን የሣልኩት ስነቅለው በቆመበት ቦታ ነው፤ ኋላ ስመልሰው ምን ሲያሳይ እንደነበር አይጠፋኝም።»

እውነቱን ነው። ጠባቧ ሱቁ ውስጥ ከተሰቀሉት የግድግዳ ሰዓቶች ግማሾቹ ሆድ ዕቃቸው ጠረጴዛው ላይ ተዘርግፎ፣ ፊታቸው ላይ የወረቀት ቀስት ተለጥፎ፣ ሱቁ የገቡበትን ሰዓት እንደያዙ ቆመዋል። ሰውየው ሰዓት ሠሪ ይባል እንጂ ቀስት ያለው ነገር ሁሉ ይመጣለታል፤ ሚዛን፣ የደም ግፊት መለኪያ፣ የአሮጌ መኪና ጌጅ።

ጋሽ ሜትር ካርቶኖቹን ተራ በተራ አያቸው። ነዳጁ ከግማሽ ትንሽ አልፏል። ሙቀቱ ከመሐል ከፍ ብሏል። ፍጥነቱ ሃያ ላይ ነው።

«መኪናዋ እኮ ቆማለች» አለ።

«እኔንም ገርሞኛል። ቆማ በሃያ ትሄዳለች።»

«ድሮም እንደዚያ ናት። ሃያውን ቀንሼ ነው የማነበው።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«እንጃ። ቆየ።»

ሰዓት ሠሪው ቀና ብሎ አየው። ጌጆቹን በጨርቅ ጠቀለለና «ሁለት ሳምንት» ብሎት ወደ ሱቁ ገባ።

ጋሽ ሜትር ብሎ የሰየመው ሰፈሩ ነው። ሠላሳ አምስት ዓመት መሬት ሲለካ ኖሮ ጡረታ የወጣ ቀያሽ ነው። ዛሬም አጥር ሊያጥር የፈለገ ጎረቤት ይጠራዋል። በእርምጃው ለክቶ ይነግረዋል። ኋላ በሜትር ሲለካ ቢበዛ በአንድ ክንድ ነው የሚሳሳተው። በሥራ ዘመኑ የያዘው አንድ ደንብ ነበር፤ በመስክ ደብተር ላይ ላጲስ አይነካም። የተሳሳተ ቁጥር በአንድ መስመር ይሰረዛል፣ ትክክለኛው ከላዩ ይጻፋል። የሚቀጥለው ሰው ስሕተቱንም ማንበብ አለበት።

መኪናዋን የገዛት ገና ጎረምሳ ሳለ ነው። አራት በር፣ የወተት ቀለም ያላት፣ ኮፈኗ እንደ አልጋ የሰፋ። ልጁ ከተወለደችበት ሆስፒታል ወደ ቤት የመጣችው በእሷ ነው። ዛሬ መንገድ ላይ እሷን የምትመስል መኪና አትታይም፤ የትራፊክ መብራት ላይ ስትቆም ሰዎች ስልካቸውን አውጥተው ያነሷታል።

በዚህ ዓመት ነገር ተበላሸ። ጋሽ ሜትር ሁለት ጊዜ ቤንዚን ጨርሶ መንገድ ላይ ቀረ። አንድ ቀን ሞተሩ ፈልቶ፣ እንፋሎት እየተፋ፣ በሌላ መኪና ተጎትቶ ገባ። ከዚያ እህቱ ቤት ለመሄድ ወጥቶ የሃያ ደቂቃው መንገድ ሁለት ሰዓት ፈጀበት።

ልጁ ፋርማሲስት ናት። ቀኑን ሙሉ የሐኪሞች እጅ ጽሑፍ ስትፈታና ሚሊ ግራም ስትቆጥር ትውላለች፤ ነገር ማድበስበስ አታውቅም። አንድ እሑድ ምሳ ላይ አራቱን ጉዳዮች በጣቷ ቆጠረችለት።

«አባዬ፣ ቁልፉን ስጠኝ።»

«ጌጁ ነው» አለ። እሱም ሳያስበው ነው ከአፉ የወጣው።

«ምኑ?»

«ነዳጅ አለ እያለ ይዋሸኛል። ሙቀቱም ያው ነው። እኔ ምን ላድርግ?»

«የአክስቴስ ቤት? እሱንም ያጠፋብህ ጌጁ ነው?»

«እሱማ መንገድ ተዘግቶ ነበር አልኩሽ እኮ።»

ሚስቱ ከጠረጴዛው ጫፍ ጣልቃ ገባች። «አባትሽ ድሮም ሲሳሳት ጥፋተኛው ዕቃው ነው። የጎረቤታችንን አጥር ያጣመመ ጊዜ ገመዱ ሰክሮ ነው ብሏል።»

«ሰክሮ አላልኩም። ረጥቦ ነው ያልኩት።»

«ያው መጠጣቱ አይደል?»

ልጅቱ አልሳቀችም። «እሺ፣ ይጠገን» አለች። «ጥፋቱ የጌጁ ከሆነ ቁልፉ ያንተ ነው። ካልሆነ የኔ ነው። እስከዚያው ድረስ አንድ ጊዜ ከቆመችብህ ግን ጥገናውንም አልጠብቅም።»

ተስማማ፤ በማግሥቱም መኪናዋን ሰዓት ሠሪው ዘንድ ወሰዳት። ኋላ ብቻውን ሆኖ ሲያስበው ግን ግራ ገባው። ሰው መኪናው ደኅና ሆና እንድትገኝ ይጸልያል እንጂ ተበላሽታ እንድትገኝ ይመኛል? ጌጁ ደኅና ከሆነ ብልሽቱ ያለው መሪውን ከያዘው ሰውዬ ጭንቅላት ውስጥ ነው። መንገዱም አልተዘጋም ነበር። አደባባዩን ሦስት ጊዜ ዞረው። አራቱንም መውጫዎች አያቸው። የትኛው ወደ እህቱ ቤት እንደሚወስድ አላወቀም። ሠላሳ ዓመት የሄደበት መንገድ ነው። በመጨረሻ ባገኘው ወጥቶ፣ ጠይቆ፣ ተመልሶ፣ እንደምንም ደረሰ። ይህን ለሚስቱም አልነገራትም።

ማክሰኞና ዓርብ ሚስቱን ለጉልበቷ ሕክምና ክሊኒክ ይወስዳታል። መንገዱ በዚያው አደባባይ ያልፋል፤ እዚያ ሲደርስ ሳይታወቀው ትንፋሹን ይይዛል። እሷ የምትቀመጠው ከኋላ ነው፤ የፊተኛው ወንበር ሽቦ ይወጋል። ሰፈሩ በዚህ ይስቃል። «ሚኒስትሯ ወጡ» ይሏታል፣ እሷም መስኮቱን ዝቅ አድርጋ እጇን ታወዛውዝላቸዋለች።

ጌጆቹ ከተነቀሉ በኋላ በመጀመሪያው ማክሰኞ ጋሽ ሜትር የእጅ ሰዓቱን ፈትቶ ሰጣት።

«መንገድ ዳር የቆሙት ድንጋዮች ይታዩሻል? ከአንዱ እስከ አንዱ አንድ ኪሎ ሜትር ነው። ሰባ ሁለት ሰከንድ ከፈጀ በሃምሳ እየሄድኩ ነው።»

«ካነሰስ?»

«ፈጥኛለሁ ማለት ነው።»

«ለዚህ ሰዓት አያስፈልገኝም። ስትፈጥን ጉልበቴ ይነግረኛል።»

ግን ቆጠረች። ድምፅ አውጥታ ነው የምትቆጥረው። አርባ ስድስት ላይ ስትደርስ «እንዴ፣ ያቺ የልብስ ሰፊዋ እህት አይደለችም?» አለችና ወደ ኋላ ዞረች። ቆጠራው እዚያው ቀረ።

ጆሮውን ለመጠቀም ሞከረ። አርባ ሲደርስ የሲጋራ መተርኮሻው ክዳን ይንጫጫል፤ ስልሳ ሲደርስ የኋላው መስኮት ያፏጫል። ይህን ደብተሩ ላይ ጻፈው። ዓርብ ዕለት ግን መስኮቱ ከመተርኮሻው ቀድሞ አፏጨ። ሰረዘው። ኋላ መስኮቱን በከፊል የከፈተችው ሚስቱ እንደሆነች ሲያውቅ የሰረዘውን መልሶ ጻፈው። በሚቀጥለው ማክሰኞ መተርኮሻው ጨርሶ ዝም አለ፤ ሚስቱ የከረሜላ ወረቀት ጠቅጥቃበታለች። ጋሽ ሜትር ደብተሩን አይቶ የራሱን ጽሑፍ ማንበብ አቃተው። አርባ ላይ ሦስት ስርዝ አለ።

የዚያኑ ዕለት አንድ የጭነት መኪና ከኋላው ጥሩንባውን ነፋበት። ጋሽ ሜትር በድንጋጤ ዳሽቦርዱን አየ። ሃያ ይላል። እንደ ልማዱ ሃያውን ቀነሰ። ዜሮ።

ቆሜያለሁ ማለት ነው? ነዳጁን ረገጠ።

«ኧረ ቀስ! ጉልበቴን!» አለች ከኋላ።

ያኔ ነው ካርቶን መሆኑ ትዝ ያለው። በራሱ ሊስቅ ፈለገ፤ ሳቁ ግን አልመጣም። ሰው የካርቶን ጌጅ እያየ ይነዳል? ሚስቱ «ምን ሆንክ?» ስትለው «ምንም» አለ። ይህንን ደብተሩ ላይ አልጻፈውም።

ቤንዚኑን በሒሳብ ነበር የያዘው። ጌጆቹ የተነቀሉ ቀን ሞልቷል፤ እያንዳንዱን ጉዞ በኪሎ ሜትር ይመዘግባል፤ በሁለተኛው ዓርብ ከክሊኒክ ሲመለስ እንደሚሞላ ጽፏል። ሒሳቡ ልክ ነበር። ችግሩ ሐሙስ ዕለት ደብተሩን ቤት ረስቶ፣ ለጎረቤቱ ቆርቆሮ ሊያመጣ ከከተማ ወጥቶ መመለሱ ነው። ማታ ሊጽፈው አሰበ። ረሳው።

ዓርብ ጠዋት ልጅቱ ሥራ ረፈደባት። ፋርማሲዋ ከክሊኒኩ አለፍ ብሎ ነው። እናቷ እንደ ልማዷ ከኋላ ስትሆን እሷ ከፊት፣ የሚወጋው ወንበር ላይ ብርድ ልብስ አጥፋ ተቀመጠች።

«አባዬ፣ ነዳጅ አለህ?» አለችና መልሱን ሳትጠብቅ ራሷ ወደ ዳሽቦርዱ ዘንበል ብላ አየች። «ከግማሽ በላይ ነው። ይበቃል።»

ጋሽ ሜትርም ዐይኑን ጣል አደረገ። ከግማሽ በላይ ነው። ይበቃል።

አደባባዩን በሰላም አለፉት። ከዚያ ወዲያ፣ ትምህርት ቤቱን ከከበበው የጡብ አጥር አጠገብ፣ ዳገቱ ላይ፣ ሞተሩ አንድ ጊዜ ሳለ። ሁለተኛ ሳለ። ዝም አለ። ጋሽ ሜትር የእጅ ፍሬኑን ሳበ።

«ምንድን ነው?» አለች ልጅቱ።

«ካርቡራተር ይመስለኛል።»

«ነዳጅ አይሆንም?»

«ነዳጅማ አለ።» በጣቱ አሳያት። «ከግማሽ በላይ ነው።»

«አዎ፣ አይቼዋለሁ።»

ወርዶ ኮፈኑን ከፈተ። እሷም ወርዳ አጠገቡ ቆመች። ቱቦ ነካ፣ ሽቦ ነካ፣ የቆሸሸ እጁን በመሐረብ ጠረገ። አባትና ልጅ ወደ ሞተሩ ውስጥ እያዩ፣ ኤሌክትሪክ ይሆናል፣ ቆሻሻ ገብቶበት ይሆናል እየተባባሉ አሥር ደቂቃ ያህል ቆሙ። ጋሽ ሜትር ደግሞ ለማረጋገጥ ወደ ውስጥ ተመለሰና ጌጁን በጣቱ መታ መታ አደረገው፤ ቀስቱ የተጣበቀ ሲመስለው ሁልጊዜ እንደሚያደርገው። ካርቶኑ ወደ ውስጥ ተቀለበሰ።

እጁ እንደተዘረጋ ቀረ።

«ምንድን ነው የምታዩት?» አለች ሚስቱ ከኋላ። ከእሷ በኩል የሚታየው የወንበሩ ጀርባ ብቻ ነው።

ልጅቱ በመስኮቱ አንገቷን አስገብታ ነበር። «ካርቶን» አለች።

ከትምህርት ቤቱ አጥር ወዲያ ልጆች ይጮኻሉ። ጋሽ ሜትር ቁልፉን ነቅሎ ወደ ልጁ ዘረጋው።

«አንድ ጊዜ ከቆመችብህ ብለሽ ነበር።»

«ብያለሁ።» ግን አልተቀበለችውም። ቁልፉን አየችው፤ ካርቶኑን አየችው። «እኔም አይቼዋለሁ እኮ፣ አባዬ። እኔ ነኝ ይበቃል ያልኩት።»

«አንቺ አላወቅሽም ይሆናል።»

«አውቅ ነበር። ስለ ካርቶኑ የነገርከኝ ቀን ስቄብሃለሁ።»

«ለኔ ስጡኝ» አለች ሚስቱ። እጇ በሁለቱ ወንበሮች መሐል ወጣ። «ከዚህ ቤት ካርቶን አይታ ያልተሳሳተች እኔ ብቻ ነኝ።»

«አንቺ መንዳት አትችይም» አለ ጋሽ ሜትር።

«ለዚህ ነዋ።»

ቁልፉ በቦርሳዋ ውስጥ ገባ። ልጅቱ ጀሪካን ይዛ ቁልቁል ወደ ማደያው ሄደች። ነጩ ጋውኗ ክንዷ ላይ ተንጠልጥሏል። ጋሽ ሜትር ከኋላ ሆኖ አያት። እሷም ሃያ ቀንሳ ታነብ ይሆን? የማይረባ ሐሳብ ነው፤ ከራሱ ሊያወጣው ግን አልቻለም።

ቅዳሜ ሚስቱ ቁልፉን ሰጥታው፣ ከኋላ ተቀምጣ፣ ሰዓት ሠሪው ዘንድ ሄዱ። ጌጆቹ ተወልውለው ጨርቅ ላይ ተደርድረዋል። ሚስቱ በሩ አጠገብ ያለች በርጩማ ላይ ሆና የቆሙትን ሰዓቶች ትቆጥራለች።

ሰዓት ሠሪው ክብሪት የምታህል የዛገች ሳጥን አነሣ። «ይቺ ናት ጋሼ። ለነዳጁና ለሙቀቱ ጌጅ የሚሄደውን ኤሌክትሪክ የምትመጥን። ሞታለች። ስለዚህ ሁለቱም ካለው በላይ ነው የሚያሳዩት። ነዳጁ ሩብ ሲሆን ግማሽ ይላል።»

ጋሽ ሜትር ሳጥኗን መዳፉ ላይ አደረጋት። ላባ ታህላለች። ሁለት ሳምንት ደረቱ ላይ የተቀመጠው ነገር ከላዩ ተነሣ።

«እንግዲያ እኔ አይደለሁም።»

«በቤንዚኑ አይደሉም።»

ቃሉን ለይቶ እንደተናገረው ጋሽ ሜትር ሰማ። ሳይጠይቅ ቢወጣ ይችል ነበር። ሳጥኗ እጁ ላይ ናት፤ ልጁ ዕቃ አይታ ታምናለች።

«በሙቀቱስ? ሞተሩ የፈላ ቀን?»

ሰዓት ሠሪው ጠመንጃ መፍቻውን በጨርቅ ጠረገ። የጠረገውን መልሶ ጠረገ። «ሙቀቱም ካለው በላይ ነው የሚያሳየው። ሳይፈላ ፈላ ይላል እንጂ ፈልቶ ደኅና ነኝ አይልም። ያን ቀን ቀስቱ ቀዩን አልፎ ጥጉ ጋ ደርሶ መሆን አለበት።»

«አላየሁትም።»

«አይተውት ይሆናል። ቀንሰው አንብበውት ይሆናል፤ እንደ ሃያው።»

ጋሽ ሜትር ያን ቀን ለማስታወስ ሞከረ። እንፋሎቱን ያስታውሳል። ከዚያ በፊት ያለውን አያስታውስም። አይቶት ይሆን? አይቶ ቀንሶት ይሆን? ወይስ ዐይኑ እዚያ ላይ ሆኖ እሱ ሌላ ቦታ ነበር?

«ሰው መንገድ ሲጠፋውስ?» አለ፣ ሚስቱ እንዳትሰማ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «የሚያውቀው መንገድ።»

«እሱ የኔ ሥራ አይደለም ጋሼ» አለ ሰዓት ሠሪው። «ቀስት የለውም።»

እሑድ ምሳ ላይ ጋሽ ሜትር ሳጥኗን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ፤ ሰዓት ሠሪው ስለ ነዳጁ ያለውን ነገራቸው። የልጅቱ ፊት ፈካ። ይህን አልጠበቀም ነበር። እሷም ጌጁ ጥፋተኛ እንዲሆን ስትመኝ ከርማለች።

«እማዬ፣ ቁልፉን ስጪው» አለች። «በቃ፣ ጌጁ ነበር።»

ሚስቱ ቦርሳዋን ከፈተች። ጋሽ ሜትር ግን እጁን አልዘረጋም። ደብተሩን ከኪሱ አውጥቶ ለልጁ ገፋላት። በመጨረሻው ገጽ ላይ አራት መስመሮች ነበሩ። ሁለቱ የቤንዚኑ ናቸው፤ በትይዩ «ጌጁ» ተብሎ ተጽፏል። ሦስተኛው «ሞተር ፈላ» ይላል፤ «ጌጁ» የሚለው በአንድ መስመር ተሰርዞ ከላዩ «እኔ ሳልሆን አልቀርም» ተጽፏል። አራተኛው ላይ «መንገድ ተዘግቶ ነበር» የሚለው ተሰርዟል። ከላዩ ያለው እንዲህ ይላል፤ «አደባባዩ ላይ ጠፋኝ። ለምን እንደሆነ አላውቅም።»

ልጅቱ እንደማይነበብ የሐኪም ጽሑፍ ወደ ዐይኗ አቀረበችው። ጽሑፉ ግን የቀያሽ ነው፤ ፊደሉ እንደ ማተሚያ ጥርት ያለ። ደብተሩን ለእናቷ አሳለፈች። እናትየው አንብባ ባሏን አየች። ለመጀመሪያ ጊዜ ቀልድ አጣች።

«ለኔ እንኳ?» አለች።

«ምን ብዬ ልንገርሽ? እኔም አልገባኝም።»

«ሌላ ጊዜ ጠፍቶህ ያውቃል?» አለች ልጅቱ።

«አይመስለኝም።» አሰበ። «ጠፍቶኝ ረስቼው እንደሆነ አላውቅም።»

ልጅቱ ሳጥኗን በጣቷ ወዲያና ወዲህ ገፋቻት። «ሐኪም ቀጠሮ እይዛለሁ። እስከዚያ ቁልፉ እማዬ ጋ ይቆይ። ማክሰኞና ዓርብ፣ እሷ ካለች፣ ትነዳለህ። ብቻህን አይሆንም።»

«ከቀጠሮው በኋላስ?»

«አላውቅም አባዬ።»

ከእሷ አፍ እንዲህ ያለ መልስ ሰምቶ አያውቅም። ደብተሩን መልሶ ኪሱ ከተተ።

ማክሰኞ ጠዋት ሚስቱ ቁልፉን ከቦርሳዋ አውጥታ ሰጠችውና ከኋላ ተቀመጠች። ጌጆቹ ከመስታወታቸው ጀርባ ያበራሉ። መኪናዋ ቆማለች፤ የፍጥነቱም ቀስት ዜሮ ላይ ነው። ነገሩ ትክክል መሆኑ ራሱ አደናገረው። አስፋልቱ ላይ ሲወጡ ሃምሳ አለ፤ ሃያ ቀንሶ ሠላሳ አደረገውና ነዳጁን ጨመረ።

«ጉልበቴ» አለች።

እግሩን አነሣ። ሃምሳ ማለት ሃምሳ ነው፣ አለ ለራሱ። ድንጋዩን ሲያልፉ ሳይጠይቃት መቁጠር ጀመረች፤ ሰባ አንድ ላይ ሁለተኛው ድንጋይ ደረሰ።

አደባባዩ መጣ። ትንፋሹን ያዘ። አራቱም መውጫዎች እንደ ሁልጊዜው ነበሩ፤ ዛፉ፣ የጎማ መሸጫው፣ ቢጫው ሕንፃ። የክሊኒኩን መንገድ የሚያውቅ መሰለው። መምሰሉ ግን ከማወቁ በምን እንደሚለይ ማረጋገጫ አጣ። አንድ ጊዜ ዞረ። ሚስቱን ከኋላ በመስታወቱ ውስጥ ስታየው አያት።

«የቱ ነው?» አላት።

«ከጎማ መሸጫው አለፍ ብሎ ያለው።»

መሪውን ጠመዘዘ። እሱም ያሰበው እሱን ነበር፤ ወይም አሁን እንደዚያ መሰለው።

«ባለፈው ያየኋት ሴትዮ ደግሞ» አለች፣ ወደ መስኮቱ ዞራ፣ «የልብስ ሰፊዋ እህት አይደለችም። ተሳስቼ ነው።»

ጋሽ ሜትር ዳሽቦርዱን አየ። ሠላሳ ይላል። ሃያውን ሊቀንስ አለና ተወው።